የከይሲ ዳሌ

ቆቦ ውስጥ ውሻ ስለ ዳሌው ተጠይቆ አያውቅም። ስለ ጥርሱ ይጠየቃል፤ ይናከሳል ወይ? ስለ ጉሮሮው ይጠየቃል፤ ሌሊት ይጮኻል ወይ? ስለ ሆዱ እንኳ ጠያቂ የለውም፤ ስለ ዳሌውማ ማን ትዝ ብሎት! በእኛ አገር ውሻ ሥራ አለው። ማሽላው ሲያሽት ከማማው ሥር ያድራል፤ ፍየሎቹን ተከትሎ ይወጣል፤ ጅብ ሲመጣ ለመንደሩ አስቀድሞ ይናገራል። በ2013 ዓ.ም. የመጣውን የበረሃ አንበጣ ብቻ ነው ጮኾ ያልመለሰው፤ እሱንስ ማን መለሰው? ደመወዙ የድስት ጥራጊና የገበያ ቀን አጥንት ነው። ሲያረጅ ያረጃል፤ ሲያነክስ ያነክሳል። በቃ፤ ከዚህ ያለፈ ወግ የለውም።

የእኔ ውሻ ግን ወግ አመጣ።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የእኔ ነው። አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ደግሞ ሁለት ነገር አይሆንለትም፤ ገንዘብ ማስቀመጥና «አላውቅም» ማለት። ሁለቱ ድክመቶቼ ተባብረው ነው በሽንኩርት መኪና ወልድያ ድረስ የወሰዱኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ተጋድሞ ይታየናል፤ በምዕራብ ደጋው ቆሟል፤ በመሀል እኛ ከነሙቀታችን አለን። በግቢያችን ማንአለብኝ የምትባል ቡላ ውሻ አለች። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት፤ ውሻዋን ልትጠራበት ሳይሆን፣ አጥር ለምትዋሰነን ሴትዮ ልታሰማበት። የውሻ ስም ደብዳቤ አይደል? ተሸካሚው ውሻው ነው፤ ተቀባዩ ሌላ ነው። ሴትዮዋም መልስ አልነፈገችም፤ ጅራቱ የተቆለመመ ወንድ ቡችላ አምጥታ «ታያለሽ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንዷ ከወዲህ «ማንአለብኝ!» ስትል፣ ሌላዋ ከወዲያ «ታያለሽ!» ትላለች፤ ውሾቹ የጠቡን ምክንያት ሳያውቁ እየሮጡ ይመጣሉ።

ማንአለብኝን አትናቋት። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ከግቢው ንቅንቅ ያላለችው እሷ ብቻ ነበረች። ስንመለስ አጥንቷ ተቆጥሮ፣ በሩ ላይ ተጋድማ አገኘናት። ጅራቷን ለመቁላት አቅም አልነበራትም፤ ግን ቆላች። ስለዚህ በቤታችን ክብር አላት፤ ማለትም ከሽሮው ድስት ቀዳሚዋ እሷ ናት።

ይህች እያለችልኝ ነው እንግዲህ ሳይቸግረኝ ጤፍ የተበደርኩት። ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ የጀርመን ውሻ ቡችላ ገዛሁ። ሻጩ «ዘሩ ንጹሕ ነው፤ ጆሮውን እየው!» አለኝ። ጆሮውን አየሁት። አንዱ ቆሟል፤ ሌላው ሊቆም እያሰበ ነው። ዋጋውን የማልናገረው ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ልታነበው ስለምትችል ነው። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በካርቶን ውስጥ፣ በእግሮቼ መካከል አድርጌ አመጣሁት። ደብረ ሲና ላይ እሱ አስመለሰ፤ ኮምቦልቻ ላይ እኔ አስመለስኩ፤ ደሴ ስንደርስ ተስማማን።

ልጄ ከታሪክ መጽሐፏ ስም ፈልጋ «ካይዘር» አለችው። የእናቴ ምላስ ግን ለጀርመን ንጉሥ አልገዛም አለ፤ «ከይሲ» አለችው። «እማዬ፣ ከይሲ እኮ እባብ ነው» ብላት፣ «የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን የበላ ታዲያ ምን ይባል?» አለችኝ። ስሙ በዚያው ጸና።

ከይሲ አደገ። እኔም «የጀርመን ዘር ነው፤ አጥንቱ ይጠንክር» እያልኩ ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ የሥጋ ቤቱን ቅልጥም አቀርብለት ነበር። በስምንት ወሩ ጥጃ አከለ። ሰፈሩ ዓይኑን ጣለበት። «ቲቸር፣ ሲወልድ አንድ ለእኔ!» የማይለኝ ጠፋ። አንዱ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን እንዲጠብቅለት ይፈልጋል፤ አንዱ ለሽንኩርት ማሳው፤ ሌላው ለፍየሎቹ። እኔ ደግሞ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ማባዛት ጀመርኩ፤ ማንአለብኝ እናት፣ ከይሲ አባት፣ በአንድ ወሊድ ስድስት ቡችላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ... ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ? የእኔዋ ላም ውሻ ሆነች እንጂ ሰማዩ ያው ነው።

ይህንኑ የምሥራች ሲያትል ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በስልክ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ዝም አለ። ቆይቶ «ዳሌውን አስነስተኸዋል?» አለኝ።

«ምን ሆኖ ወድቆ ነው የማስነሳው?»

«ራጅ ነው የምልህ! የዳሌና የክርን ራጅ። ወንድም ጋሼ፣ ያንን ሳታስነሳ እንዳታራባው። ነውር ነው።»

ነውር! በማስተማር ያሸበትኩ ሰው ዳይፐር ስቀይርለት ከኖርኩት ልጅ ነውር ልማር? «አላውቅም ነበር» ብል የሚያልቅ ነገር ነበር። እኔ ግን «አዎ፣ አዎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወልድያ ቀጠሮ አለን» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ራሴን አጽናናሁ፤ ውሸት በሰባት ቀን ውስጥ እውነት መሆን ከቻለች ውሸት አትባልም።

ያን ሌሊት ስለ ውሻ ዳሌ ሳነብ አነጋሁ። የልጁ ነገር እውነት ነው። የዳሌ መጋጠሚያ ማለት ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭኑ አጥንት ራስ ዘነዘናው፣ የዳሌው ጎድጓዳ ሙቀጫው። ዘነዘናው ክብ፣ ሙቀጫው ጥልቅ ሲሆን ውሻው ዕድሜውን ሙሉ እንደ ልቡ ይሮጣል። ሙቀጫው እንደ ሰሃን ዝርግ ከሆነ ግን ዘነዘናው ይዋልላል፤ ሲዋልል ይፋቃል፤ ሲፋቅ ያማል፣ ያስነክሳል። ቡችላው ሲወለድ ደህና ነው፤ የሚበላሸው እያደገ ነው። ከፊሉ ከዘር፣ ከፊሉ ከአስተዳደግ ይመጣል፤ የሚበዛበትም ግዙፍ ውሻ ነው። ክርንም የራሱ ጣጣ አለው። ሦስት አጥንቶች ይገናኙበታል፤ እኩል ካላደጉ አንዱ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ወይም ሳይገጥም ይቀራል። ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ የክርን ነገር የዋዛ አይደለም።

በውሻ ላይ ይህን የዳሌ ችግር መጀመሪያ የጻፈው ሽኔል የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1935። ጣሊያን ሊወርረን በተነሣበት ዓመት ማለት ነው፤ የእኛ አያቶች ወደ ማይጨው ሲያቀኑ፣ እዚያ ማዶ የውሻ ዳሌ ይመረመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ አሜሪካኖች ለዚሁ ሲሉ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። የራጁን ሥዕል ይቀበላል፤ ዳሌውን ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» እስከ «እጅግ መጥፎ» በሰባት ማዕረግ ይለያል። እንግሊዞቹ በነጥብ ነው የሚያርሙት። ለአንድ ዳሌ ከ0 እስከ 53፣ ለሁለቱ ሲደመር እስከ 106፤ ለክርን ከ0 እስከ 3። የሚሸለመው ዜሮ ያገኘው ነው። ስንት ዓመት ሳርም ኖሬ ዜሮ የሚያስመሰግንበት ፈተና ያን ሌሊት ገና አየሁ። የአሜሪካኖቹ ድርጅት 24 ወር ላልሞላው ውሻ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይሰጥም የሚል መስመርም ነበረበት፤ እሱን ተማሪዎቼ የፈተና መመሪያ እንደሚያልፉት አለፍኩት።

ጠዋት እናቴ ቡና ትቆላለች። «እማዬ፣ ከይሲን ወልድያ ወስጄ ዳሌውን ራጅ ላስነሳው ነው» አልኳት።

«የማንን ዳሌ?»

«የከይሲን።»

«ያመዋል?»

«አያመውም።»

«እኔን ያመኛል» አለችና መቁላቷን ቀጠለች።

የቡናው ጭስ ነው ብዬ ዓይኔን ጠራረግሁ። ከበርጩማ ስትነሳ «እግዚኦ» ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ቆሞ ማስቀደስ ትታ ከደጀ ሰላሙ ግንብ ተደግፋ መቀመጥ ከጀመረች ሁለት። እኔ ልጇ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያደረግሁላት ነገር ቢኖር የሚያቃጥል ቅባት መግዛት ነው። ስለ ውሻ ዳሌ አንድ ሌሊት ሙሉ ያነበብኩ ሰው ስለ እናቴ ዳሌ አንድ መስመር አላነበብኩም።

በእኛ አገር ቡና ለብቻ አይጠጣም። ጎረቤታችን ሼህ መጡ። እናቴ ሲኒውን ሳትሰጣቸው በፊት «ሼህ፣ ይስሙልኝ! ይሄ ልጄ የውሻ ዳሌ ሊያስነሳ ነው» አለቻቸው። ሼሁ ልብሳቸውን ውሻ አያስነኩም፤ ለፍየሎቻቸው ግን አንድ ጥቁር ውሻ አላቸው፤ ለከብትና ለአዝመራ ጥበቃ ማሳደር የተፈቀደ ነው ይላሉ። ነገሩን አስበው አስበው፣

«አስሓቡል ካህፍን ታውቃለህ?» አሉኝ። «ወጣቶቹ ከዋሻው ሲተኙ ውሻቸውም ደጃፉ ላይ ክርኖቹን ዘርግቶ ተኛ። 309 ዓመት! ሲነሣ አነከሰ የሚል አልሰማሁም።»

«የእኛም ሰባቱ ደቂቅ ዋሻ ውስጥ ተኝተዋል» አለች እናቴ፤ በቅዱሳን ጉዳይ መበለጥ አትወድም። «ግን ሲተኙ ውሻ አላስከተሉም። ሰላም ያደሩትም ለዚህ ነው።» ሁለቱም በእኔ ሲስማሙ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

ወደ ወጌሻው ሄድኩ፤ ወጌሻ ለውሻ ቢባል ቃሉስ ይገጥም የለ? ሽማግሌው ከይሲን አስተኝተው ጭኑን ወደ ውጭ ወደ ውስጥ አዙረው አዩት። ከይሲ እጃቸውን ላሰ። «ልጄ፣ የወለቀ እመልሳለሁ፤ የተሰበረ አሥራለሁ። ደህናውን ምን ላድርገው?» አሉኝ። ዋጋም አልተቀበሉ።

ቀጥዬ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አማርኛ አስተምሬዋለሁ። ደጁ ላይ በሬ፣ ፍየል፣ ከአፋር በኩል የወረደ አንድ የሚቆጣ ግመል ተሰልፏል። በዚህ ሰልፍ መሀል ለጤነኛ ውሻ ራጅ ስጠይቅ ግመሉ እንኳ ዞር ብሎ አየኝ።

«ቲቸር፣ ራጅ የለንም» አለኝ። «ቢኖረንስ፣ ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን ያደርጋሉ?»

«አላራባውም።»

«ጥሩ ቢሆን?»

«አራባዋለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንአለብኝ ነዋ!»

«የማንአለብኝስ ዳሌ ታይቷል?»

ዝም አልኩ። በገዛ ጥያቄ አወጣጤ መጣብኝ። ቡችላው እኮ ከሁለት ወገን ነው የሚወርሰው።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ስምንት።»

«እንግሊዞቹ ከዓመት በታች አያዩም፤ አሜሪካኖቹ ሁለት ዓመት ካልሞላው አይፈርሙም። ዛሬ ቢነሳ ለወንድምዎ የሚላክ ፎቶ እንጂ የሚያዘልቅ ውጤት አይደለም።» ከይሲን በግቢው አስሮጠው። ሁለት የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ፣ እንደ ጥንቸል ይዘላል፤ ከተቀመጠበት ሲነሳ ፊቱን ቀድሞ ይጎትታል። «ያዩታል? ይሄ ምልክት ነው። የመጀመሪያው ሕክምና ደግሞ ሆዱ ላይ ነው ያለው። ምን ይበላል?» ዘረዘርኩለት። «ቲቸር፣ እኔ ይህን ሁሉ አልበላም» አለኝ።

በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክትባትስ?» አለ። ለከይሲም ለማንአለብኝም አላስከተብኩም። ተማሪ ሳለ የቤት ሥራ ያልሠራ ቀን እንዴት እንደሚያቀረቅር ትዝ አለኝ፤ እኔም እንደዚያው አቀረቀርኩ። «በዓለም ላይ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ሲያዝ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም። ዳሌ ውሻውን ያስነክሳል፤ ይሄ ልጅዎን ይገድላል» አለና ወደ ግመሉ ሄደ።

የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ለሲያትል ቃል ገብቻለሁ። ባለቤቴ «እናትህን ውሰድ፤ ውሻውን ተው» አለችኝ። እናቴ ደግሞ «እሱ ቦታ ካገኘ እኔ አላጣም፤ ተከትዬው እሄዳለሁ» አለች። ስለዚህ ሁለቱንም ይዤ ተነሳሁ፤ ማን ማንን እንደሚያጅብ ሳይለይ።

አውቶቡሱ ውሻ አልጭንም አለ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ሾፌሩ እናቴን ከፊት አስቀምጦ «ቲቸር፣ እርስዎና ውሻው ከላይ» አለኝ። ወጣን። ከይሲ ለመቆም በተፍጨረጨረ ቁጥር ጆንያው ውስጥ ያለውን ሽንኩርት ይረግጠዋል፤ የተረገጠው ሽንኩርት ደግሞ የሚበቀለው እኔን ነው። ሮቢት ስንደርስ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ነበር። አንዲት እናት ቀና ብለው አይተውኝ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ «እኔን ልጄ! ማን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ። «ማንም አልሞተ፤ ውሻዬን ራጅ ላስነሳ ነው» ብል እብድ መባሌ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲሉኝ «አሜን» አልኩ። ጎብዬ ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች አጽናኑኝ። ወልድያ የገባሁት ልቅሶ ተደርሶልኝ ነው።

ስሙን ከማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ደረስን። የራጅ ባለሙያው ካርድ ሊያወጣ «የታካሚ ስም?» ሲለኝ «ከይሲ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዝቅ ብሎ ውሻውን አየው።

«እዚህ የሚነሳው ሰው ነው።»

«ዳሌ ዳሌ ነው እኮ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲያልቅ...»

«ጌታዬ፣ በሽተኛ የሚተኛበት ላይ ውሻ አላስተኛም። ባስተኛውስ ማን ይይዘዋል?» ሰውየው ትክክል ነበር። ሌሊቱን አንብቤዋለሁ፤ ለዳሌ ራጅ ውሻው በመድኃኒት ተኝቶ በጀርባው ይንጋለላል፤ የኋላ እግሮቹ ወደ ታች እኩል ተዘርግተው ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ጥቂት ካጋደለ ሥዕሉ ይዋሻል። ያለ መድኃኒት ደግሞ ከይሲ በቅልጥም እንኳ አይንጋለልም።

በዚህ መሀል «እማማ፣ ይግቡ» ተባለና እናቴ ተነሳች። ከይሲ እሷ ስትሄድ አይቶ ገመዱን ከእጄ አስለቀቀና ተከተላት። የኮሪደሩ ወለል እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። የፊት እግሮቹ ደህና ሄዱ፤ የኋላዎቹ ግን አንዱ ወደ ራያ አንዱ ወደ ላስታ ተለያዩና እንደ እንቁራሪት ተዘርግቶ ቀረ። ሊነሳ ሞከረ፤ እንደገና ተዘረጋ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አየው። ባለሙያው ከበሩ ላይ ሆኖ «ጌታዬ፣ እንግዲህ ያለ ራጅ ታየልዎ» አለኝ። አንስቼ ታቅፌው ወጣሁ። ክብደቱ የተማሪዬን ቃል አስታወሰኝ።

የእናቴ ፊልም ወጣ። ሐኪሙ ብርሃን ላይ ሰቅሎ «እማማ፣ በቀኝ በኩል የመጋጠሚያው ልባስ አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ ነው» አላት። ስለ ሙቀጫውና ስለ ዘነዘናው የነገርኳት እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሙቀጫው ነዋ!» አለች። ሐኪሙ ግራ ገባው። ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ፣ በልክ እንድትራመድ፣ ምርኩዝ እንድትይዝ አዘዘ። «ምርኩዝማ አለኝ» ብላ አሳየችው። «በየትኛው እጅ?» በቀኟ፣ በሚያማት በኩል ነው የምትይዘው። ለካስ በተቃራኒው ነው፤ ዳሌ በቀኝ ሲያም ምርኩዝ በግራ። በግራዋ ይዛ በኮሪደሩ ሄዳ ተመለሰች። «ሦስት ዓመት!» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ባትጨምርም በቂ ነው።

ወልድያ ዘመድ ቤት ሦስት ሌሊት አድረን ተመለስን። ከአጥራችን ሥር ከይሲ ራሱ ከወራት በፊት የማሰው ቀዳዳ ነበር፤ «ነገ እደፍነዋለሁ» ስለው የከረመ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ በዚህኛው የገባው ጅብ አይደለም፤ ታያለሽ ነው። እኛ ወልድያ ዳሌ ስናስመረምር፣ ማንአለብኝ ምንም ራጅ ሳትጠይቅ የራሷን ውሳኔ ወስናለች። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው፤ ቀኑ ሲደርስ አምስት ቡችላ ጣለች፤ አምስቱም ጅራታቸው የተቆለመመ። የሰማዩ ላሜ በዚሁ ሞተች።

በማግሥቱ ጎረቤታችን አጃ ይዛ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብላ ማንአለብኝን አራስ ልትጠይቅ መጣች። እናቴ ሳቀችና አስገባቻት። «ታያለሽ ብዬሽ አልነበር?» አለች ሴትዮዋ። አየን እንግዲህ። አሁን ቡና አብረው ይጠጣሉ፤ ከአምስቱ ቡችሎች አንዷን ወሰደች፤ ስሟን «ታረቅን» ብላታለች።

ወንድሜ ደወለ። «ራጁስ?»

«ተነሳ።»

«ውጤቱ?»

«በቀኝ በኩል ልባሱ አልቋል፤ ምርኩዝ በግራ እጅ እንዲያዝ ታዟል።»

ለአፍታ ዝም አለ። «የማን ነው?»

«የእማዬ።»

በሳምንቱ ወንበር መግዣ ላከ። ለውሻው ብሎ የላከው ሳንቲም የለም፤ ነውር ነው ብዬም አልሰደብኩትም።

ፍርዴን ልናገር። ራጁ ከንቱ ነው አልልም። ግዙፍ ውሻ ገዝቶ ለማራባት፣ ቡችላውንም ለሰው ለመሸጥ የሚያስብ ሁሉ የሁለቱንም ወላጆች ዳሌና ክርን ማስነሳት አለበት፤ ሁለት ዓመታቸው ሲሞላ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ። ገዢም ጆሮውን ሳይሆን የወላጆቹን ዳሌ ይጠይቅ፤ እኔ ጆሮውን አይቼ ነው የገዛሁት፤ ያቺ ጆሮ እስከ ዛሬም አልቆመችም። የማያራባ ሰው ግን ውሻው ካላመመውና ካላነከሰ ያ ሥዕል ምን ይሠራለታል? ራጅ ጥያቄ ላለው ሰው ነው መልስ የሚሰጠው። እኔ የያዝኩት ጥያቄ አልነበረም፤ ለወንድሜ የተናገርኩት ውሸት ነበር።

ከይሲን አላራባውም፤ ይህን ለመወሰን የክሊኒኩ ወለል በቂ ነበር። ቅልጥሙና ወተቱም ቀርቷል። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶር ውሾችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ከጥንዱ አንዱን ከጓደኛው 25 በመቶ ቀንሰው ዕድሜ ልካቸውን ያበሉበት ጥናት አለ። ጠግበው የበሉት መጋጠሚያቸው ቀድሞ ታመመ፤ የተቀነሰባቸው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ተጨመረላቸው። ማንአለብኝ ይህን ጥናት ሳታነብ ስትኖርበት ቆይታለች።

ለራጁ ይዤው የሄድኩት ገንዘብ የእናቴን ከፍሎ ተረፈ። በትራፊው ከይሲን፣ ማንአለብኝን፣ ታያለሽን፣ የሼሁንም ጥቁር ውሻ አስከተብኩ፤ ቡችሎቹም ሦስት ወራቸው ሲሞላ ይከተባሉ። ተማሪዬ መርፌውን እየወጋ፣ ከእኛው ዞን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያሉትን ቀይ ቀበሮዎች አነሳብኝ። በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፤ ከሚፈጃቸው ነገር አንዱ ከመንደር ውሾች የሚጋባባቸው ይኸው በሽታ ነው። ማንአለብኝ አንድ መርፌ ስትወጋ ልጄም፣ የሼሁ ፍየሎችም፣ ደጋ ያለው ቀበሮም ይጠበቃል።

ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ ስለ ዳሌው ከመጨነቃችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ከበርጩማ ሲነሳ «እግዚኦ» የሚል ሰው መኖሩን እዩ። ውሻችሁንም አስከትቡ።